የታደሱ ታሪካዊ ቤቶችን መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አስጎብኚው ቡድኑን ይዞ ፎቅ ከወጣ በኋላ ታች ቀርቶ የበር ማጠፊያ የሚመረምር ሰው ካያችሁ፣ ምናልባት እኔ ነኝ። በቅርስነት የተጠበቁ አሮጌ ሰፈሮችን መዞርና ለጎብኚ የተከፈቱ ቤቶችን ማየት ከያዘኝ ቆይቷል። «ልንሄድ ነው፣ ምን እንወቅ?» የሚሉኝ ወዳጆች ብዙ ናቸው። ጥያቄያቸው ስለሚመሳሰል እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የታደሰ ታሪካዊ ቤት» ሲባል ሁሉም አንድ ነው?

አይደለም። ጉብኝቱን የሚያጣፍጠውም የሚያበላሸውም ይህን ማወቅና አለማወቅ ነው።

ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች «ታደሰ» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉ። አንደኛው ባለበት የተጠበቀ ቤት ነው። ጣሪያው እንዳያፈስ፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ተደርጎ ከዚያ በላይ ብዙ አልተነካም። ሁለተኛው ወደ አንድ ዘመን የተመለሰ ነው። ባለሙያዎቹ አንድ ዓመት ይመርጣሉ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ያነሳሉ፣ የጠፋውን ይተካሉ። ሦስተኛው ከመሠረቱ እንደገና የተሠራ ነው። የድሮው ቤት ጨርሶ ጠፍቷል፤ ዛሬ የቆመው ሌላ ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ዊልያምስበርግ ውስጥ የሚጎበኘው የቅኝ ግዛት ዘመን ገዢዎች መኖሪያ በ1781 ተቃጥሎ የነበረ ነው። አሁን ያለው በ1934 ነው ለጎብኚ የተከፈተው። የከተማዋ እድሳት በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ወጪውን የሸፈነው ባለጸጋው ጆን ሮክፌለር ጁኒየር ነበር። ስለዚህ አንዱ ቤት የ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጎረቤቱ የሮክፌለር ዘመን ሊሆን ይችላል። ከመንገድ ስታዩአቸው ግን መንትያ ናቸው።

የዋርሶ አሮጌ ከተማ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ጦር ሆን ብሎ ያፈራረሰው ነው። መልሰው ሲገነቡት ከተጠቀሙባቸው ማስረጃዎች አንዱ ሠዓሊው በርናርዶ ቤሎቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣላቸው የከተማዋ ሥዕሎች ናቸው። ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። «ታዲያ የውሸት ነዋ!» የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። መልሶ መሠራቱ ራሱ ትልቅ ታሪክ ነው። የሚያናድደኝ አስጎብኚው ይህን ሳይናገር ሲያልፈው ነው።

እስከ የት ማደስ እንዳለበት የሚወስነው ማነው?

የቆየ ጭቅጭቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳዩ አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ አሮጌ ሕንፃን «መሆን የነበረበትን» መልክ ከማስያዝ ወደ ኋላ አይልም ነበር፤ ሕንፃው በአንድም ዘመን እንደዚያ ሆኖ ባያውቅም እንኳ። በእንግሊዝ የጌጥ ንድፍ ሠሪውና ጸሐፊው ዊልያም ሞሪስ ይህን ዓይነቱን አሠራር ጠላው። በ1877 ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር አቋቋመ። ሐሳባቸው ባጭሩ «ጠግኑት፣ ተንከባከቡት፣ አዲስ መልክ ግን አትስጡት» ነው።

ዛሬ ብዙ ባለሙያ የሚያጣቅሰው በ1964 የወጣውን የቬኒስ ቻርተር የተባለ ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ መመሪያ ነው። እድሳት ግምት ከተጀመረበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ይላል። የጎደለው ሲተካም ከሌላው ጋር ይስማማ፣ ግን ከዋናው የሚለይ ይሁን ይላል። እና ጣውላው ላይ ቀለሙ ትንሽ የተለየ ቁራጭ ተገጥሞ ብታዩ «ምን ያሉ ደደቦች ናቸው» አትበሉ። ሆን ተብሎ ነው።

ትኬት ቀድሜ ልቁረጥ?

አዎ። ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ በአንድ ዙር የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። በር ላይ ደርሶ «የዛሬው ሞልቷል» መባል አለ። ስትቆርጡ ትኬቱ የትኞቹን ክፍሎች እንደሚጨምር ጠይቁ። ሳሎንና መኝታ ቤት ብቻ ከሆነ፣ ወጥ ቤቱንና ምድር ቤቱን የሚያሳይ ሌላ ዙር ካለ እሱን ያዙ።

ሙዚየም የሆነ ቤት ይሻላል ወይስ ሰው የሚኖርበት?

ለእኔ ሰው የሚኖርበት። በብዙ ከተሞች ነዋሪዎች ራሳቸው በዓመት ለጥቂት ቀናት በራቸውን ይከፍታሉ። በቨርጂኒያ ከ1929 ጀምሮ በየፀደዩ ቤቶችና አትክልት ቦታዎች ለጎብኚ ይከፈታሉ። የለንደን የክፍት ቤት ቀን በ1992 ነው የተጀመረው። ፈረንሳይ በ1984 የጀመረችው የቅርስ ቀን ደግሞ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዛምቶ ዛሬ መስከረም ሲደርስ ብዙ ቦታ ይከበራል።

ሙዚየሙ ውስጥ ሁሉም ነገር ሥርዓቱን ይዞ ተቀምጧል። ሰው በሚኖርበት ቤት ግን ሁለት መቶ ዓመት ባለው ምድጃ አጠገብ ፍሪጅ ታያላችሁ። ፍሪጁን የት እናድርገው ብለው ስንት ሌሊት እንደተከራከሩ ባለቤቶቹን ጠይቋቸው። ከየትኛውም አስጎብኚ የተሻለ ይነግሯችኋል።

ምን ለብሼ፣ ምን ይዤ ልሂድ?

ሶሉ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነ ጫማ። ሹል ሂል የሰውን ክብደት በሙሉ የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ስለሚጥለው አሮጌ ወለልን ይሰረጉዳል። ብዙ ቤቶች አያስገቡም፣ ወይም የጫማ ሽፋን ይሰጣሉ። ካልሲያችሁ የተቀደደ አይሁን፤ ጫማ የሚያስወልቁም አሉ።

የጀርባ ቦርሳ አትያዙ። እኔ አንድ ቤት ውስጥ ጣሪያው ላይ ያለውን ጌጥ ለማየት ዞር ስል ቦርሳዬ ከኋላዬ የነበረውን የሻማ መቅረዝ ገፋው። አስጎብኚዋ አየር ላይ ቀለበችው። የተናገረችው ነገር የለም፤ አስተያየቷ ግን በቃኝ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳ ካለኝ በደረቴ ነው የምይዘው።

ውስጡ ለምን ይጨልማል? ፎቶስ ማንሳት ይቻላል?

ብርሃን ጨርቅ፣ ወረቀትና ቀለም ይበላል። የበላውንም አይመልስም፤ ጉዳቱ በየቀኑ ይደመራል። ስለዚህ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ብዙ ጊዜ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ብርሃን ብቻ ይሰጠዋል። ቢሮ ውስጥ የለመድነው 500 ያህል ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡ፣ ከዚያ ይገለጥላችኋል።

ፎቶ እንደየቤቱ ነው። ፍላሽ ግን የተፈቀደበት አይመስለኝም። ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ የቤተሰብ ፎቶና የልጆች ክፍል ቢፈቀድም አታንሱ።

ኦርጅናሉን ከአዲሱ በምን ልለየው?

የምወደው ጥያቄ ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ከመስኮቱ ጀምሩ። መስኮቱ ፊት ቁሙና ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አድርጉ። ውጭ ያለው የአጥር ብረት ቢጣመም፣ ዛፉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቢወዛወዝ፣ መስታወቱ የድሮ ነው። አንዳንዴ ሩዝ የምታህል የአየር አረፋ ውስጡ ተይዛ ቀርታለች። የዛሬው መስታወት እንደዚያ አያደርግም። በ1950ዎቹ ፒልኪንግተን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት መስታወትን ቲን በሚባል የቀለጠ ብረት ላይ አንሳፎ መሥራት ከቻለ ወዲህ መስኮት ሁሉ ዝርግ ሆኗል። በአንድ መስኮት ላይ ስድስቱ መስታወት ተወዛውዞ ሁለቱ ዝርግ ከሆኑ፣ ሁለቱ ተሰብረው ተተክተዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሚስማሩን እዩ። በእጅ የተቀጠቀጠ ሚስማር ራሱ ላይ የመዶሻ ምት አለው፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከብረት ሉህ የሚቆረጥ ባለ አራት ማዕዘን ሚስማር በዛ። ዛሬ የምናውቀው ክብ የሽቦ ሚስማር ገበያውን የያዘው ወደዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን በር ነው በተባለ ነገር ላይ ክብ ሚስማር ካያችሁ አንድ ሰው በኋላ ነክቶታል።

ደረጃው ላይ ደግሞ እግራችሁን ሳይሆን ዓይናችሁን ጣሉ። ብዙ ትውልድ የወጣበት የእንጨት ደረጃ መሐሉ ጎድጓዳ ይሆናል። የእጅ መደገፊያው በእጅ ብዛት አብለጭልጮ መርገጫው ግን ቀጥ ብሎ ከተገኘ፣ መርገጫው ተቀይሯል።

የእንጨት በር በጎን ብርሃን ሲመታው ውሃ ላይ እንዳለ ስስ ሞገድ ይታያል። አናጢው በእጅ መላጊያ የሄደበት መንገድ ነው። መዳሰስ ከተፈቀደላችሁ በጣት ጫፍ ይሰማል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ የዳሰስኩ ዕለት ቡድኑ ጥሎኝ ሄዷል።

ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ ግድግዳ ጥግ ላይ የቴምብር ያህል ተፍቆ የተተወ ቦታ ታገኛላችሁ። ቀለሙ ንብርብር በንብርብር ይታያል፦ ነጭ፣ ክሬም፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ባዶ እንጨት። ባለሙያዎቹ የመጀመሪያውን ቀለም ያገኙበት መስኮት ነው።

የድሮ ሰው እንዲህ ደማቅ ቀለም ይቀባ ነበር እንዴ?

ይቀባ ነበር! የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የነበረው የማውንት ቨርነን ትንሹ የመመገቢያ ክፍል ከመዳብ በሚሠራ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይን ይወጋል። ደማቅ ቀለም ውድ ስለነበር የሀብት ማሳያ ነበር። «የድሮ» ብለን የለመድነው ደብዛዛ ቀለም ብዙ ጊዜ ያረጀና የቆሸሸ ቀለም ነው።

አስጎብኚው የሚለው ሁሉ እውነት ነው?

አብዛኛው። ግን ከቤት ቤት እንደ ጉንፋን የሚተላለፉ ተረቶች አሉ።

«አልጋው አጭር የሆነው የዚያን ዘመን ሰው አጭር ስለነበር ነው» ይባላል። አልጋው ብዙ ጊዜ አጭር አይደለም፤ ከፍ ያለ ምሶሶና ወፍራም ፍራሽ ስላለው ነው አጭር የሚመስለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ወታደሮች አማካይ ቁመት 1 ሜትር ከ72 ሴንቲ አካባቢ ነበር፤ ከዛሬው ሰው ብዙ አይርቅም።

«መስታወት ፈሳሽ ስለሆነ በዘመናት ወደ ታች ፈስሶ ሥሩ ወፈረ» ይባላል። ቤት ውስጥ ባለ ሙቀት መስታወት በሺህ ዓመትም በዓይን የሚታይ አይፈስም። የድሮ መስታወት ከመጀመሪያውም ውፍረቱ እኩል አልነበረም፤ አንዳንዱን ወፍራም ጎኑን ወደ ታች አድርገው ገጥመውታል።

«ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቁም ሣጥን የሌለው እንደ ክፍል ስለሚቀረጥ ነው» የሚለው አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ተረት ነው። ልብሳቸውን በሣጥንና በመሳቢያ ያስቀምጡ ነበር፣ በቃ።

የሚገርመው ተረት የሚመስለው የመስኮት ግብር እውነት መሆኑ ነው። በእንግሊዝ ከ1696 እስከ 1851 መስኮት እየተቆጠረ ይቀረጥ ነበር። አንዳንድ ሰው መስኮቱን በጡብ ደፈነው። የተደፈነ መስኮት ሁሉ ግን ከግብር የሸሸ አይደለም። አንዳንዱን አርክቴክቱ ፊቱ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ብሎ ከመጀመሪያውም ዕውር አድርጎ ሠርቶታል።

ምን ብጠይቅ ጥሩ ነው?

ሁለት ጥያቄ ይበቃል። የመጀመሪያው «የቤቱን ሰዓት በየትኛው ዓመት ላይ አቆማችሁት? ለምን?» የሚለው ነው። አንድን ዓመት መምረጥ ሌላውን መጣል ነው። የ1770 መልክ እንዲመጣ ሲባል በ1890 የተጨመረች ሙሉ በረንዳ ፈርሳ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው «ውሃውን ማን ይቀዳ ነበር?» ነው። በዚህ ጥያቄ ጉብኝቱ ከሳሎን ወደ ጓሮ ይዞራል። ዊልያምስበርግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ ጥቁሮች ነበሩ፣ አብዛኞቹም ባሪያዎች። ከተማዋ ታድሳ ከተከፈተች በኋላ ግን ጉብኝቱ ለረጅም ጊዜ ስለ ጌቶቹ የብር ዕቃ ነበር። ዛሬ ተሻሽሏል። ቢሆንም ጠባቡን የኋላ ደረጃ ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ ላያሳዩአችሁ ይችላሉ።

ሁሌ የሀብታም ቤት ብቻ ነው እንዴ የሚጎበኘው?

በብዛት አዎ። የሀብታም ቤት ከጥሩ ዕቃ ይሠራል፣ ስለዚህ ይቆማል። የድሃው ይፈርሳል።

ኒውዮርክ ውስጥ ኦርቻርድ ጎዳና ቁጥር 97 ላይ ያለው ሕንፃ ግን ሌላ ነው። በ1863 የተሠራ የኪራይ ቤት ነው። ወደ 7,000 የሚጠጉ ስደተኞችና ሠራተኞች እየተፈራረቁ ኖረውበታል። መጀመሪያ ላይ ሽንት ቤቱ ጓሮ ነበር። በ1935 ባለቤቱ አዲሱን የቤት ሕግ ለማሟላት ወጪ ከሚያወጣ ብሎ ተከራዮቹን አስወጣ። ከሥር ያሉት ሱቆች ቀጠሉ፣ ላይኛው ፎቅ ተዘግቶ ቀረ። በ1988 የሙዚየም ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ሲገቡ የግድግዳው ወረቀት በላይ በላይ እንደተለጠፈ ነበር። አንዳንዶቹን ክፍሎች የተወሰነ ቤተሰብ ኑሮ እንዲመስሉ አደሷቸው። ሌሎቹን እንደተላጡ ተዉአቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አንድ ኮርስ ከመውሰድ ይበልጣል።

ለምን በሲሚንቶ አጠናክረው አይገላገሉም?

ብዙ ቦታ ሞክረውት ተጸጽተዋል። የድሮ ግድግዳ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ እርጥበትም ያስተነፍሳል። ፖርትላንድ ሲሚንቶ በ1824 ነው የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው። ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም። በአሮጌ ጡቦች መካከል ሲሞላ፣ ግድግዳው ውስጥ የገባው ውሃ በሲሚንቶው መውጣት ስለማይችል በጡቡ በኩል ይወጣል። ብርድ ሲመጣ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ ያብጣል፣ የጡቡ ፊት ይረግፋል። ጡቡ ተበልቶ የሲሚንቶው መስመር ብቻ እንደ አጥንት ወጥቶ የቀረበት ግድግዳ ካያችሁ ያ ነው ነገሩ። አዛኝ ቅቤ አንጓች ይሉታል።

ሰፈሩ ውስጥ ሰው ይኖራል? ምን ልጠንቀቅ?

በአብዛኛው ይኖራል። የእንግሊዟ ባዝ ከተማ፣ የዛንዚባር ስቶን ታውን፣ የሐረር ጀጎል የዓለም ቅርስ ናቸው፣ ደግሞም ልብስ የሚሰጣባቸው ሰፈሮች ናቸው። ክፍት በር የግብዣ ወረቀት አይደለም። በመስኮት አታጮልቁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣችሁ አትብሉ። በጠዋት በቡድን ሆናችሁ አትጩኹ።

ነዋሪዎቹ ራሳቸው ቀላል ኑሮ አይኖሩም። የአሜሪካዋ ቻርልስተን በ1931 አሮጌ ሰፈሯን በሕግ ስትከልል በአገሩ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተማ እንዲህ ባለ ሰፈር መስኮት ለመቀየርም ፈቃድ ያስፈልጋል። በባዝ ሮያል ክሬሰንት 30 ቤቶች ተቀጣጥለው እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎብጠው ቆመዋል፣ በሮቻቸውም ነጭ ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቁጥር 22 ባለቤት በሯን ቢጫ ቀባችው። ከተማው ነጭ አድርጊው ብሎ አዘዘ። ጉዳዩ እስከ ሚኒስትር ደረሰ፣ ሴትየዋም ረታች። እዚያ ስትደርሱ ቢጫውን በር ፈልጉት።

ልጆች ይዤ ብሄድስ?

ከአርባ ደቂቃ በላይ ያልሆነ ዙር ምረጡ። ከወጥ ቤቱ ጀምሩ። እና ግድግዳ እንዳይልሱ፣ የተላጠ ቀለም እንዳይነኩ፤ የድሮ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። አሜሪካ ራሷ ለቤት የከለከለችው በ1978 ነው።

ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰውስ?

ቀድማችሁ ደውሉ። ሊፍት ያለው ጥቂት ነው። ግን ብዙዎቹ ምድሩን በዊልቸር ያስገባሉ፣ የላይኛውን ደግሞ በቪዲዮ ያሳያሉ።

በቀን ስንት ቤት ልይ?

ሁለት። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ምድጃ አንድ ይሆንባችኋል። የቀረውን ሰዓት በእግር ሰፈሩን ዙሩ፣ በተለይ የኋላ መንገዱን። ፊት ለፊት የተጠረበ ድንጋይ የለበሰ ቤት ከኋላው በተለያየ ዘመን እንደመጣ የተቀጣጠለ ነው። ሮያል ክሬሰንት ራሱ ፊቱ ወጥ ነው፤ ከኋላ ግን እያንዳንዱ ባለቤት እንዳሻው ነው የሠራው።

ዕቃ የሌለው ባዶ ቤት ማየት ምን ያደርጋል?

ቻርልስተን አጠገብ ድሬይተን ሆል የሚባል ቤት አለ። ግንባታው በ1738 ገደማ የተጀመረ ነው። ከ1974 ጀምሮ የያዙት ሰዎች ወደ የትኛውም ዓመት ላለመመለስ ወሰኑ። አልጋ የለም፣ መጋረጃ የለም። ቤቱ ውስጥ መብራትም የቧንቧ ውሃም አልገባም። ክፍሎቹ ባዷቸውን ቆመዋል።

መጀመሪያ ሲገቡ ሰው ግራ ይጋባል፣ የተከፈለበት ነገር የት አለ ይላል። ከዚያ ዓይን የሚያርፍበት ሲያጣ ወደ ጣሪያው ልስን፣ ወደ መቃኑ ይሄዳል። አንዱ የበር መቃን ላይ ቤተሰቡ የልጆቹን ቁመት እየለካ ያሰመረው መስመር አለ፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ስምና ዓመት እየተጻፈበት። ልጅ ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ፣ ተረከዙን አጥብቆ፣ ምናልባትም ትንሽ ተንጠራርቶ ቆሟል።